ከጆንያው በፊት አፈሩ፦ የደንዲ ማሳዎች የማዳበሪያ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚያመራው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የደንዲ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ጊንጪን ያቋርጣል። ወረዳው በሁለት ዓይነት አፈር የተከፈለ ነው። በከተማዋ ዙሪያ የተዘረጋው ሜዳ ገበሬው ኮቲቻ የሚለው ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፣ በክረምት ውኃ አቁሮ ያብጣል። ወደ ጋሌሳና ወደ ደንዲ ተራራ ሲወጣ ደግሞ ዝናብ ለዘመናት ያጠበው፣ የኮመጠጠ ቀይ አፈር ይተካዋል። ውኃውም እንደ አፈሩ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል፤ አዋሽ የሚነሳው ከዚሁ ከጊንጪ አካባቢ ነው፣ ከደንዲ ሐይቅ የሚወጣው ሁሉቃ ግን አምቦን አቋርጦ ወደ ጉደር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ለዚህ ልዩ ልዩ ምድር ላለፉት 60 ዓመታት ገደማ የቀረበለት መፍትሔ ግን አንድ ዓይነት ነበር፤ በጆንያ የታሸገ ማዳበሪያ። መንግሥታት ተፈራረቁ፣ የማዳበሪያው ስም ተለወጠ፣ የስኬቱ መለኪያ ግን የተሰራጨው ኩንታል ሆኖ ቀረ። የደንዲ ታሪክ በቅደም ተከተል ሲታይ የሚናገረው ሌላ ነው፦ ማዳበሪያ የሚሠራው አስቀድሞ በተሰናዳ አፈር ላይ ነው። ጥቁሩ ውኃው ሳይጠነፈፍለት፣ ቀዩ ኮምጣጣነቱ ሳይታከምለት ገበሬው ለማዳበሪያ የሚያወጣው ገንዘብ ብዙው ከጎተራው አይደርስም።

ጆንያው ከመምጣቱ በፊት በደንዲ የአፈር ለምነት የሚጠበቅበት ሥርዓት አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። ነበረ፤ የሚዘወረውም በከብት ነበር። ከብቱ ቀን በግጦሽ መሬትና በጫካ ዳር ይውላል፣ ማታ በረት ይገባል፣ ፍጉ ለጓሮው ማሳ ይሆናል። በረቱን ከቦታ ቦታ እያዛወሩ ከብቱን የሚታረሰው መሬት ላይ ማሳደርም የታወቀ ዘዴ ነበር። ራቅ ያለው ማሳ ፍግ ስለማይደርሰው ለጥቂት ዓመታት ታርሶ እንዲያርፍ ይተዋል፤ ጥቁሩ አፈር ላይ ባቄላ፣ ሽምብራና ጓያ ከጤፍና ከስንዴ ጋር እየተፈራረቁ ይዘራሉ። በሸዋ ደጋ ጋይ የሚባል አሠራርም ነበር፤ ጓሉን ከምሮ በኩበት እያነደዱ ማጤስ። ጋይ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የኖረውን ንጥረ ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚፈታ አንድ ሁለት ዓመት ጥሩ ገብስ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን መሬቱ ከአሥር ዓመት በላይ ማረፍ ይኖርበታል። እነዚህ ሁሉ የሚያዋጡት ሰፊ ግጦሽና የሚያርፍ መሬት እስካለ ድረስ ነው። ለምነቱ ከምንም አልመጣም፤ ከሜዳውና ከጫካው በከብት ሆድ ተጭኖ ወደ ማሳው የተዛወረ ነበር። የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር ግጦሹ ታረሰ፣ የማረፊያው ዘመን አጠረ፣ የወረዳው የጭልሞ ደን ጠበበ። እንጨት ሲርቅ ደግሞ ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ገባ። ኩበት ሲነድ ናይትሮጂኑ በጭስ ይጠፋል፤ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአመዱ ይቀራሉ፣ አመዱም የሚደፋው ከቤቱ አጠገብ ነው። ማዳበሪያ ወደ አካባቢው የመጣው ይህ ዑደት በተበጠሰበት ሰዓት ነው፤ ለአመጣጡ በቂ ምክንያት ነበረው።

የዘመናዊው የእርሻ ትምህርት በአምቦ የተጀመረው በ1939 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ዛሬ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የአገሪቱን አፈር በላቦራቶሪ የመመርመሩ ሥራ ግን ቀድሞ የተካሄደው በሐረር በኩል በዓለማያ ኮሌጅ ነበር። እዚያ ያስተማረው አሜሪካዊ የአፈር ባለሙያ መርፊ በ1951 ዓ.ም. ገደማ ባወጣው ዘገባ የኢትዮጵያ አፈር በአብዛኛው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ እንደሚጎድለው፣ ፖታሲየም ግን በቂ እንዳለው ገለጸ። ይህ ድምዳሜ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአገሪቱን የማዳበሪያ ግዥ መራ። በየካቲት 1958 ዓ.ም. የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ለደንዲ ቅርብ የሆነው የሆለታ ጣቢያም ሥራ ጀመረ። በ1959 ዓ.ም. ገደማ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ«ከረሃብ ነጻ የመውጣት ዘመቻ» ስም በየአውራጃው የማዳበሪያ ሠርቶ ማሳያ አስጀመረ። በአርሲ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ተመሠረተ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኤፒድ የሚባለው የእርሻ ሚኒስቴር መምሪያ ተቋቁሞ አነስተኛ ጥቅል የተባለውን ፕሮግራም በዋና ዋና መንገዶች ግራና ቀኝ ዘረጋ፤ አቅሙ የሚፈቅደው መኪና የሚደርስበትን ቦታ ብቻ ነበርና። ማዳበሪያው በዚያን ጊዜ የሚሄደው አፈሩ የሚፈልገው ቦታ ሳይሆን መንገዱ የደረሰበት ቦታ ነበር። እንዲህ ያለው የሥርጭት ልማድ ከዚያ በኋላም በቀላሉ አልለቀቀንም።

ከእነዚያ ዘመቻዎች የወጣው ምክር በኋላ በሁሉም ገበሬ አፍ የገባው ቀመር ነው፦ ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ። ቀመሩ ሲዘረዘር ዳፑ 18 ኪሎ ናይትሮጂንና 46 ኪሎ ፎስፌት፣ ዩሪያው 46 ኪሎ ናይትሮጂን ይሰጣል፤ በድምሩ 64 ኪሎ ናይትሮጂን መሆኑ ነው። ስንዴ በሄክታር 20 ኩንታል ቢሰጥ እህሉ ብቻውን 40 ኪሎ ያህል ናይትሮጂን ይዞ ከማሳው ይወጣል፤ ገለባውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በወረቀት ሲሰላ ሒሳቡ የሚገጥም ይመስላል። ነገር ግን ከሚጨመረው ናይትሮጂን ውስጥ ሰብሉ ራሱ የሚያገኘው በዓለም ዙሪያም ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው፤ የቀረው በጎርፍ ይታጠባል፣ ወደ አየር ይተናል፣ ወይም በአፈሩ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። በጥቁር አፈርና በኮምጣጣ አፈር ላይ ብክነቱ ይብሳል። ቀመሩ ግን ይህን ልዩነት አያውቅም፤ ለጊንጪ ሜዳም ለጋሌሳ ተራራም አንድ ነበር።

የመሬቱ ጥያቄም ከማዳበሪያው ታሪክ ሊነጠል አይችልም። ከ1967 ዓ.ም. በፊት የሸዋ ጭሰኛ ከምርቱ እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ለባለርስቱ እየሰጠ በዕዳ ማዳበሪያ ይግዛ ማለት ትርፉን ለሌላ፣ ኪሳራውን ለራሱ ውሰድ ማለት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ቀንበር ሰበረ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አዋጁ ግን ሌላ ችግር ወለደ። መሬቱ በገበሬ ማኅበር እጅ ሆኖ በየጊዜው ሲከፋፈል ነገ የእኔ መሆኑን ለማላውቀው ማሳ ፍግ ልሸከምለት ወይ የሚል ጥያቄ አስነሳ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህሉን በቁርጥ ዋጋ በኮታ ይወስድ ስለነበር ከማዳበሪያው የሚገኘው ትርፍ ምርት ለገበሬው የነበረው ዋጋ ትንሽ ነበር። በ1976 ዓ.ም. የግብዓት አቅራቢ ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ ማዳበሪያው በአንድ መሥሪያ ቤት እጅ ገባ። የቀረበውም ለአምራች ማኅበራትና ለመንግሥት እርሻዎች ቅድሚያ እየተሰጠ ስለነበር በግሉ ለሚያርሰው የደንዲ ገበሬ የተረፈው ጥቂት ነው።

በዚያው ዘመን ግን ጊንጪ ላይ የተጀመረ አንድ ሥራ ከሁሉም ይልቅ ትኩረት ይገባዋል። ኢትዮጵያ 12 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን ጥቁር አፈር አላት፤ ከግማሽ የሚበልጠው በደጋው ነው። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል ከእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ከዓለማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከእርሻ ሚኒስቴርና መቀመጫው ሕንድ ከሆነው የሰብል ምርምር ተቋም ከኢክሪሳት ጋር የጥቁር አፈር ፕሮጀክት አቋቋመ፤ ከሙከራ ጣቢያዎቹ አንዷ ጊንጪ ነበረች። የተመራማሪዎቹ መነሻ ቀላል ነበር። ይህ አፈር በተፈጥሮው ድሃ አይደለም፤ ችግሩ ክረምት ላይ ውኃ አቁሮ ሥሩን ማፈኑ ነው። አየር ያጣ አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ደግሞ የሚተነፍሱትን ኦክስጅን ከናይትሬት ይነጥቃሉ፣ ናይትሮጂኑም ጋዝ ሆኖ ይጠፋል። ገበሬው ይህን በኬሚስትሪ ባይገልጸውም በልምዱ ያውቀው ነበር፤ ስለዚህ ዋናው ዝናብ እስኪያልፍ ጠብቆ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። የተለሰለሰው ማሳ ግን በሐምሌና በነሐሴ ባዶውን ጎርፍ ይመታዋል፤ የዓመቱ ትልቁ ዝናብ አፈር ከማጠብ በቀር ጥቅም አይሰጥም። መፍትሔ ሆኖ የቀረበው ሁለት የአገር ቤት ማረሻ ጎን ለጎን ተጋጥሞ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ፣ ቢቢኤም ተብሎ የታወቀ መሣሪያ ነበር። ውኃው በቦዩ ሲወርድ ስንዴ ቀደም ብሎ ይዘራል፣ የሚጨመረው ናይትሮጂንም ለሰብሉ ይተርፋል። በሙከራ ማሳዎቹ ምርቱ በግልጽ ጨመረ።

ታዲያ ለምን አልተስፋፋም? መሣሪያው ለደከመ በሬ ከባድ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው። ዋናው ግን ቦዩ አንድ ቦታ መፍሰስ ያለበት መሆኑ ነው። የአንዱ ገበሬ ቦይ የሚያልቀው በጎረቤቱ ማሳ ራስጌ ነው፤ ከላይ ያለው ማሳውን ሲያጠነፍፍ ከታች ያለው ይጥለቀለቃል። ጥቁር አፈርን ማጠንፈፍ የአንድ ቤተሰብ ሥራ አይደለም፤ ተፋሰሱን ሁሉ የሚያካትት የጋራ መውረጃ፣ የጋራ ስምምነትና የጋራ ጥገና ይጠይቃል። ማዳበሪያ ግን በግለሰብ ስም በብድር ይሰጣል፣ ይመዘገባል፣ ይሰበሰባል። ለአስተዳደር የሚመቸው እሱ ሆነ፤ ቦዩ ወደ ኋላ ቀረ፣ ጆንያው ቀጠለ። ለሜዳው ገበሬ በዚያ ዘመን የተሻለ ዕድል ያለፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ስቶርፎጌልና ስማሊንግ ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮችን የአፈር ንጥረ ነገር ገቢና ወጪ አሰሉ። ለኢትዮጵያ ያወጡት ቁጥር ከዚያ ወዲህ በብዙ ጥናት ይጠቀሳል፤ ከእያንዳንዱ የታረሰ ሄክታር በዓመት 41 ኪሎ ናይትሮጂን፣ 6 ኪሎ ፎስፈረስና 26 ኪሎ ፖታሲየም ሳይተካ ይወጣል። ቁጥሩ አገራዊ ግምት ስለሆነ ለአንድ ማሳ እንደ ልኬት ሊወሰድ አይገባም፤ በእህል፣ በገለባ፣ በኩበትና በጎርፍ የሚወጣው ሁሉ ተደምሮበታል። ለክርክሩ የሚጠቅመው ግን የኪሳራውን በሮች ለይቶ ማሳየቱ ነው። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሁርኒ ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር በሄክታር ይታጠባል ብሎ ገምቷል፤ ይህ እውነት ከሆነ በበሩ የሚገባው ኩንታል ገና ሥር ሳይነካ በሌላ በር ይወጣል። ፖታሲየሙም መታሰብ አለበት። ዳፕና ዩሪያ አንድ ኪሎ ፖታሲየም የላቸውም፤ ገለባው ግን ከሁሉም በላይ የሚይዘው እሱን ነው። መርፊ በ1951 በቂ ያለው ክምችት ወጪ ሲሆን ኖሯል፣ ገቢ አልነበረውም።

በ1985 ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው የእርሻ ፕሮግራም በኖርማን ቦርላግና በጂሚ ካርተር ድጋፍ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ግማሽ ሄክታር በሚሆን የገበሬ ማሳ ላይ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ በጥቅል ተሞከረ፤ ውጤቱ ባለሥልጣናቱን አሳመነ፣ በ1987 ዓ.ም. አገር አቀፍ የኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሆነ። ደንዲ የሚገኝበት የምዕራብ ሸዋ ዞን ድርሻ እዚህ ትልቅ ነው፤ በዞኑ ምዕራብ ጫፍ ያለው የባኮ ምርምር ማዕከል በ1985 ዓ.ም. ገደማ ያወጣው ቢኤች 660 የተባለ ዲቃላ በቆሎ የፕሮግራሙ መታወቂያ ሆነ። ማዳበሪያ ባይኖር ይህ ዘር ያንን ምርት አይሰጥም ነበር፤ ማዳበሪያን የሚያወግዝ ሰው ይህን መዝለል አይችልም። የአገሪቱ ሕዝብ በእጥፍ ሲያድግ የእህል ምርቱ ተከትሎት ያደገው መሬት በማስፋት ብቻ አይደለም። ነገር ግን በ1989 ዓ.ም. ድጎማው ተነሣ፣ ብድሩ በክልል መንግሥታት ዋስትና ይሰጥ ስለነበር አሰባሰቡ የአስተዳደር ሥራ ሆነ። በ1994 ዓ.ም. ዝናቡ ሰምሮ በቆሎ ሲትረፈረፍ ዋጋው ክፉኛ ወደቀ፤ ማጨጃውን እንኳ የማይመልስበት ቦታ ነበር። የማዳበሪያው ዕዳ ግን አልቀነሰም፤ ለዕዳው በሬ የተሸጠባቸው፣ የታሰሩም ገበሬዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የደጋው ገበሬ ከተመከረው መጠን ቀንሶ መጠቀሙ ካለማወቅ አልነበረም። ዝናብና ገበያ የሚያመጡበትን አደጋ አስልቶ ነው።

በዚሁ ጊዜ ሌላ አቅጣጫ የሚያሳይ ሥራ ትግራይ ውስጥ ተጀምሯል። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ተወልደብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ የመሩት ፕሮጀክት በደንብ የተዘጋጀ ኮምፖስት ከማዳበሪያ ያልተናነሰ ምርት እንደሚሰጥ በገበሬ ማሳ አሳየ። ስለዚህ ጆንያውን ጨርሶ እንተወው የሚሉ አሉ፤ ሐሳባቸው በቀና ልብ የተነሣ ነውና በሒሳብ መመለስ አለበት። ደረቅ ፍግ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ናይትሮጂን ይይዛል እንበል። 64 ኪሎ ለማግኘት ከአራት ቶን በላይ ደረቅ ፍግ ለአንድ ሄክታር ያስፈልጋል። አንዲት የአገር ቤት ላም በዓመት የምትጥለው ደርቆ ሲመዘን አንድ ቶን አይሞላም፤ ግማሹም በግጦሽና በመንገድ ይቀራል። አንድ ሄክታርና ሁለት ሦስት ከብት ያለው ቤተሰብ፣ ኩበት ማንደዱን ጨርሶ ቢያቆም እንኳ፣ ማሳውን ሁሉ በፍግ ማልበስ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2021 ስሪላንካ የኬሚካል ማዳበሪያን በአንድ ጊዜ ከልክላ ሩዟና ሻይዋ ሲወድቅ በወራት ውስጥ ውሳኔዋን አጥፋለች። ኮምፖስት የአፈሩን ውኃ የመያዝ አቅምና ሕይወቱን ይመልሳል፤ የሚጨመረው ማዳበሪያም የበለጠ እንዲሠራ ያደርገዋል። ያለ ኮምፖስት ማዳበሪያው ይባክናል፣ ያለ ማዳበሪያ ኮምፖስቱ አይበቃም፤ የደንዲ ገበሬ ሁለቱንም ይፈልጋል።

ወደ ጋሌሳ እንውጣ። ከ1980ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ የሆለታ ምርምር ማዕከልና የአፍሪካ ደጋማ አካባቢዎች ኢኒሼቲቭ በዚያ ተፋሰስ ከገበሬዎች ጋር ሠርተዋል። ቦታው የገብስና የድንች አገር ነው፤ ከቤቱ አጠገብ ያለው ማሳ ፍግና አመድ ስለሚደርሰው ያምራል፣ ሩቁ ግን ዓመት በዓመት ይሳሳል። የደጋው ቀይ አፈር ችግር ከእጥረት ይለያል። ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ሲወስድ አፈሩ ይኮመጥጣል፤ ሲኮመጥጥ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ያቃጥለዋል፣ ፎስፈረሱም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ይታሰራል። እዚህ የሚጨመር ዳፕ ፎስፌቱ ለሰብሉ ሳይደርስ በአፈሩ ይቆለፋል። የባሰው ደግሞ ዩሪያና ዳፕ ራሳቸው በአፈር ውስጥ ሲለወጡ ኮምጣጣነትን ይጨምራሉ። ለ40 ዓመት ያለ ኖራ የተጨመረ ማዳበሪያ የጋሌሳን ዓይነት አፈር ለማዳበር የታሰበ ነበር፤ በዝግታ ግን ሲያኮመጥጠው ኖሯል። በአገር ደረጃ ከታረሰው መሬት 43 በመቶ የሚሆነው በኮምጣጣነት የተጠቃ መሆኑ ይነገራል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ። ድንጋዩም ሩቅ አይደለም፤ ከጊንጪ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ጉደር የኖራ መፍጫ አለ። ሆኖም ኖራ ከማዳበሪያ ይልቅ ለገበሬው ርቆት ቆይቷል። ምክንያቱ ክብደቱ ነው፤ ማዳበሪያ ለሄክታር ሁለት ኩንታል ሲበቃው ኖራ እንደ ኮምጣጣነቱ 20፣ 30 ኩንታል ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ ከመኪና መንገድ እስከ ተራራው ማሳ የሚደርሰው በአህያ ነው። ጥቅሙም በአንድ ክረምት አያልቅም፤ አምስት ዓመት ያህል ይሠራል። ተቃውሞው የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ጭነት ማን ይከፍላል? የሚከፈለው ግን አሁንም እየተከፈለ ነው፤ በኮምጣጣው አፈር ውስጥ ተቆልፎ በሚቀረው፣ በዶላር በተገዛው ፎስፌት። ለአምስት ዓመት የሚሠራን ነገር በአንድ ዓመት ብድር መሸጥ ደግሞ የሚያስገርም ነው፤ የመክፈያው ጊዜ ከጥቅሙ ዘመን ጋር ቢገጥም የኖራ ፍላጎት እንደሚለወጥ አምናለሁ። መሬት ተከራይቶ ወይም በእኩል ለሚያርስ ወጣት ግን ይህም አይበቃም፤ በሦስተኛው ዓመት ማሳውን ሊለቅ ይችላልና። በኋላ የመጣው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ለባለመሬቱ ዋስትና ሰጠ፣ ለአራሹ ግን አልደረሰም።

በ2003 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በፕሮፌሰር ተካልኝ ማሞ የተመራው ኢትዮሲስ የተባለው የአፈር ካርታ ሥራ ተጀመረ። ስለ ሀገሪቱ አፈር በዚህ ስፋት የተካሄደ ጥናት ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ከናይትሮጂንና ከፎስፈረስ ሌላ ድኝ፣ ቦሮን፣ ዚንክ፣ በብዙ ቦታም ፖታሲየም እንደሚጎድል ካርታው አሳየ። ውጤቱን ተከትሎ ዳፕ ተሰናብቶ ኤንፒኤስ ገባ፤ 19 ናይትሮጂን፣ 38 ፎስፌትና 7 ድኝ የያዘ። ቀጥሎም ቦሮንና ሌሎች የተጨመሩባቸው ድብልቆች መጡ፤ በቱሉ ቦሎ፣ በነቀምቴ፣ በወራቤ፣ በባሕር ዳርና በትግራይ መቀላቀያ ፋብሪካዎች ተተከሉ። ለወረዳ ወረዳ የሚለይ ማዳበሪያ ሐሳቡ ትክክለኛ አቅጣጫ ነበር። ስሕተቱ በላቦራቶሪ የታየውን እጥረት በማሳ ላይ ሰብሉ ምን ይመልሳል ከሚለው ሙከራ በፊት ወደ ግዥ መውሰዱ ነው። በኋላ የግብርና ምርምር ተቋማት በብዙ ቦታ ሲሞክሩት ሰብሉ በግልጽ የመለሰው ለናይትሮጂንና ለፎስፈረስ ነበር፤ ድኝ በአንዳንድ ቦታ ረዳ፣ ዚንክ፣ ቦሮንና ፖታሲየም ያመጡት ጭማሪ ግን አነስተኛና ያልተረጋጋ ነበር። የገበሬው ሒሳብ ደግሞ ቀላል ነው፤ አንድ ኩንታል ዳፕ ሲገዛ 46 ኪሎ ፎስፌት ያገኝ የነበረው አሁን 38 ያገኛል። ኮምጣጣነቱም ሆነ ውኃ ማቆሩ እንዳለ ነው፤ በዳፕና በዩሪያ ጊዜ የነበረው የአፈሩ ዋና እንቅፋት ድብልቁ ሲመጣም አልተነካም።

የምርምሩ ሰዎች ከዚህ ሁሉ ጋር በሌላ ችግር ይታገላሉ። የደጋውን ናይትሮጂን ከአየር የሚያመጣው ባቄላ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ቆርምድ በሚባል በሽታ ተመትቷል፤ የሰብል ፈረቃው ሲናጋ ገበሬው ከገብስ ገብስ እየተመለሰ ጆንያ ላይ ይበልጥ ጥገኛ ይሆናል። የበሽታው ነገር የአምቦው ዕፀዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ሥራ ነው፤ ከማዳበሪያ ጋር አንድ መዝገብ ውስጥ ግን አይጻፍም።

በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ተተኮሰ፤ መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር ድጎማ መደበ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት እጥረቱ ገበሬውን በአማራ ክልል አደባባይ አወጣው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የማዳበሪያ ዋጋም አብሮ ታወከ። በምዕራብ ሸዋ ደግሞ የጸጥታው መናጋት የልማት ሠራተኛው ወደ ቀበሌ መውጣቱን፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየኑ መኪና ወደ መጋዘን መድረሱን ራሱ አስቸጋሪ አደረገው። ከውጭ ጥገኝነት ለመውጣት የታሰቡት ፋብሪካዎች ታሪክ ረጅም ነው። በያዮ የድንጋይ ከሰል ላይ የተጀመረው ፋብሪካ በመንግሥት የኢንዱስትሪ ድርጅቱ በሜቴክ እጅ ሳያልቅ ቀረ። በ2009 ዓ.ም. ከሞሮኮው የፎስፌት ኩባንያ ኦሲፒ ጋር ለድሬዳዋ የተፈረመው የ3.7 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ወደ ምርት አልተሸጋገረም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከናይጄሪያው ኩባንያ ዳንጎቴ ጋር የተፈረመውና በ2018 መግቢያ በጎዴ መሠረቱ የተጣለው የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት ታቅዷል፤ ጋዙም የኦጋዴን ነው። ይህ ከተሳካ ለውጭ ምንዛሪው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ደስ ሊያሰኝ ይገባል። ነገር ግን ዩሪያ ናይትሮጂን ብቻ ነው። ፎስፌቱ ከውጭ ይመጣል፤ ለጋሌሳ ተራራ ደግሞ ርካሽ ዩሪያ ያለ ኖራ ሲበዛ አፈሩን ይበልጥ ያኮመጥጠዋል።

ብዙ ጊዜ የሚነሣው የመጨረሻ ተቃውሞ የእኛ ገበሬ የሚጠቀመው ከቻይናና ከአውሮፓ ጋር ሲወዳደር ኢምንት ስለሆነ ስለ ብክነትና ስለ ብክለት ማውራት ገና ነው የሚል ነው። በመጠኑ ልክ ነው፤ ቻይና እ.ኤ.አ. በ2015 የማዳበሪያ ፍጆታዋ ከዚያ በላይ እንዳያድግ ዕቅድ ያወጣችው ማሳዋ ከሚፈልገው በላይ ስለጫነች ነበር፣ ደንዲ ደግሞ የሚያንሳት ነው። ነገር ግን ትንሽ መጨመርና ማባከን አብረው ይሄዳሉ። ከሚጨምረው ጥቂት ላይ ግማሹን በጎርፍ የሚያጣ ገበሬ ብዙ ጨምሮ ግማሹን ከሚያጣው ይልቅ ይጎዳል፤ ዕዳው ከበሬው ዋጋ ጋር የሚነጻጸር ነውና። የደንዲ ጎርፍም መድረሻ አለው። አዋሽ ከጊንጪ ተነሥቶ የሚገባበት የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ከተገነባ ወዲህ ደለል እየሞላው ነው፤ ከከተማ፣ ከፋብሪካና ከእርሻ የሚገባው ንጥረ ነገርም አረንጓዴ መርዛማ ዋቅላሚ እንዲራባበት አድርጓል።

ለዚህ አካባቢ አሁን የሚያስፈልገው ከሌላ ቀመር ይልቅ የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ለሜዳው ቀበሌዎች ከማዳበሪያው ምደባ ጋር ተፋሰስን ተከትሎ የሚቆፈር የጋራ መውረጃ ይመደብ፤ የጥገናውም ኃላፊነት ለአንድ ማሳ ባለቤት ሳይሆን ለመንደሩ ይሁን። ለደጋው ቀበሌዎች ከፎስፌቱ በፊት ኖራው ይድረስ፤ ድጎማው ለጆንያው ብቻ መሆኑ ቀርቶ ገበሬው በራሱ ምርጫ ለኖራና ለመጓጓዣውም ሊያውለው ይቻል፣ ብድሩም የአምስት ዓመት ይሁን። ከአፈር ምርመራው ውጤት ላይ ሰብሉ በዚያው ቀበሌ ማሳ ምን እንደመለሰ ይታከልበት። ኩበቱን ከምድጃ የሚያድን ማገዶ፣ ባሕር ዛፍም ይሁን ባዮጋዝ፣ በግብርናው መሥሪያ ቤት ዕቅድ ውስጥ እንደ ማዳበሪያ ይቆጠር። የወረዳው የዓመት ሪፖርትም ስንት ኩንታል ተሠራጨ ከሚለው አጠገብ ስንት ሄክታር ተጠነፈፈ፣ ስንት ሄክታር ኖራ አገኘ የሚል አምድ ይኑረው።